ጭንጫ መሬት፤ ድንጋይ ነው ወይስ አፈር?

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ ስለ ጥቁሩ አፈር ተነጋግረን ነበር። ይኸውም በበጋ የሚሰነጠቀው፥ በክረምት እያበጠ የቤት ግድግዳ የሚያናጋው፥ አንዳንዱ ዋልካ፥ ሌላው ኮትቻ የሚለው ነው። ዛሬ ከዚያው ከሜዳው ተነሥተን ወደ ላይ፥ ወደ ፉሪ ተራራ አቀበት እንወጣለን። ከላፍቶ ቀና ብለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመለከቱ የሚታይዎ ያ ተራራ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ በጥንት ዘመንም እሳተ ገሞራ ነበረ። ላፍቶ የሚለው ስም ራሱ በኦሮምኛ የግራር ስም ነውና፥ ቤትና መንገድ ሳይሞላው በፊት አገሩ ምን ይመስል እንደ ነበር ስሙ ይመሰክራል።

በቅርቡ ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ አቀበት ወጥቼ ነበር። ሣሩን ገለጥ አድርገን ጉድጓድ ብንጀምር፥ ዶማው አንድ ስንዝር ያህል እንደ ገባ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨ። የወጣውም አፈር እኩሌታው ጠጠር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ደክሞት ኖሮ፥ «መምህር፥ ይህ ድንጋይ ነው እንጂ አፈር አይደለም፤ ስለምን እንደክማለን?» አለኝ። በአጠገባችን ከብት ይዘው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ቆሙና፥ «ልጄ፥ ድንጋይ ከሆነ እነዚህ ላሞች ምን በልተው ያደሩ ይመስልሃል?» አሉት። ልጁም አፍሮ፥ «ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለ። ሌሎቹ ሣቁ። እኔ ግን ለመሣቅ አልደፈርሁም፤ የልጁ አሳብ ቀድሞ የእኔም አሳብ ነበርና።

እንግዲህ አፈር ማለት ምንድር ነው? ሩሲያዊው ሊቅ ዶኩቻየቭ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አፈር የተፈጨ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የራሱ አፈጣጠር ያለው የተፈጥሮ አካል መሆኑን አስረዳ። ሃንስ ዬኒ የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1941 አፈርን የሚፈጥሩትን ነገሮች በአምስት መደባቸው፤ እነርሱም የአየር ጠባይ፥ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት፥ የመሬቱ አቀማመጥ፥ ሥር ያለው ድንጋይና ዘመን ናቸው። በተራራ ጎን ላይ ከሁሉ የሚበረታው አቀማመጡ ነው። ድንጋዩ እየበሰበሰ አፈር ሲሆን፥ ጎርፉ ደቃቁን እየለየ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ከባዱ ጠጠር ግን ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ጭንጫ፥ ከታች ወፍራም ጥቁር አፈር ሆኖ ብናገኘው የሚያስገርም አይደለም። ከሜዳው ደለል ብዙው ከተራራ የወረደ ነው።

አሁን ወደ ጠባዩ እንግባ። በአፈር ሊቃውንት ልማድ ከ2 ሚሊሜትር በታች ያለው ደቃቅ አፈር ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጠጠርና ድንጋይ ነው። ውሃውንና የተክሉን ምግብ በብዛት የሚይዘው ደቃቁ ነው። እስቲ በቁጥር እንመልከተው። ደቃቅ አፈር ከይዘቱ 15 ከመቶ ያህል ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል እንበል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውና ጠጠር የሌለበት መሬት 150 ሚሊሜትር ውሃ ያከማቻል ማለት ነው። ጥልቀቱ 25 ሳንቲሜትር ብቻ የሆነውና እኩሌታው ጠጠር የሆነው ጭንጫ ግን የሚያከማቸው 19 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሣር በቀን 3 ሚሊሜትር የሚጠጣ ቢሆን፥ የመጀመሪያው መሬት ለ50 ቀን ሲበቃ ሁለተኛው ከ6 ቀን አያልፍም። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም የአቀበቱ ሣር ከሜዳው ሣር ቀድሞ የሚገረጣበት ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን ጠጠሩን ጠላት አድርገን አንቁጠረው። በላይ የተነጠፈው ጠጠር የዝናቡን ነጠብጣብ ኀይል ይሰብራል፤ ጎርፉን ያዘገያል፤ ፀሐይም እርጥበቱን ቶሎ እንዳትመጠው ይጋርዳል። በትግራይ ደጋ እርሻዎች ላይ የተደረገ ምርምር፥ ጠጠሩ ከማሳው ላይ በተለቀመ መጠን የሚታጠበው አፈር እየበዛ እንደሚሄድ አሳይቷል። እንግዲህ ማሳውን ለማሳመር ብሎ ጠጠሩን ሁሉ የሚለቅም ሰው፥ ክዳኑን አንሥቶ ቤቱን ለዝናብ እንደሚሰጥ ሰው ነው።

ስለ አመዳደቡ ደግሞ አገራችን የቆየ ልማድ አላት። መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ይከፈል ነበር። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ፥ ማለት ለ40 ሄክታር ያህል፥ ለሙ 15 ብር፥ ለም ጠፉ 10 ብር፥ ጠፉ 5 ብር ተመደበበት። በ1937 ዓ.ም. አሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ ሲጨመር ድምሩ 50፥ 40ና 15 ብር ሆነ። ይህ አከፋፈል ግብር ለመሰብሰብ የተበጀ ነውና፥ የመሬቱን ጠባይ ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ጥቅም ይመዝናል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የዚያ ዘመን ግብር ቀርቷል፤ «ጠፍ» የምትለው ቃል ግን ከአፋችንም ከመዝገባችንም አልጠፋችም።

የዘመኑ ሳይንስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ምን ያህል ጠጠር አለበት? ከላይ ያለው ሽፋን ምን ያህል ጠቁሯል? ይላል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ መሠረት ቋጥኙ በ25 ሳንቲሜትር ውስጥ ከተገኘ አፈሩ ሌፕቶሶል ይባላል፤ ሌፕቶስ በግሪክ ቋንቋ ቀጭን ማለት ነው። ቋጥኙ ጠልቆ ቢገኝም፥ እስከ 75 ሳንቲሜትር ድረስ ደቃቁ አፈር በአማካይ ከ20 ከመቶ ካነሰ ስሙ ያው ነው። ከዚህ የተሻለ ጥልቀት ኖሮት መለወጥ የጀመረው ካምቢሶል ሊሆን ይችላል፤ ጠጠሩ 40 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነም «ስኬሌቲክ»፥ ማለት ዐፅማም የሚል ቅጽል ይጨመርለታል። በአሜሪካኖች አመዳደብ ግን ዐፅማም ለመባል 35 ከመቶ ይበቃል። የእኛ ገበሬ ይህን ሁሉ ሳይማር «ጭንጫ» ብሎ በአንድ ቃል ጨርሶታል።

ታዲያ ይህ መሬት ለምን ይበጃል? ከሁሉ በፊት ለሣር። በዚህ ነገር ላይ የሚያስደነግጥ ሒሳብ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር የመሩት ሃንስ ሁርኒ፥ በአገራችን ከታረሰ አንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ፥ ከግጦሽ መሬት ግን 5 ቶን ያህል እንደሆነ ገምተዋል። 42 ቶን ማለት ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ነው። አዲስ አፈር ካልተካው 25 ሳንቲሜትር የሆነው ሽፋን በ70 ዓመት፥ በአንድ ሰው ዕድሜ ያልቃል ማለት ነው። ሣሩ ሳይነካ ቢቀመጥ ግን 600 ዓመት ይቆያል። አባቶቻችን ይህን ሒሳብ በወረቀት ባይሠሩትም ያውቁት ነበር። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ የጓሣን የደጋ ሣር ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት እየዘጉና በጊዜው እየከፈቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው አቆይተውታል።

አሁን ለእርስዎ፥ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ዘንድ ለተቀመጡት ወጣት ጸሐፊ፥ ነገም በዚያው ጠረጴዛ ለሚቀመጡት ተማሪ ልናገር። አንድ ቀን የመሬት ማመልከቻ በፊትዎ ይቀርባል። ተራራ ላይ ያለ መሬት ነው፤ አንዱ ድንጋይ ሊያወጣበት፥ አንዱ ቤት ሊሠራበት፥ ሌላው ሊያርሰው ይጠይቃል። በማመልከቻው ላይም «ጠፍ፥ ጥቅም የሌለው» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ጠያቂው ሁሉ ይከልከል ማለቴ አይደለም፤ ከተማ ያለ ድንጋይ አይሠራም። ነገር ግን ያች አንዲት ቃል ከተጻፈች በኋላ ማንም ወጥቶ አያይምና፥ ማኅተሙ ከመውረዱ በፊት አንድ ጉድጓድ ይቆፈር ይበሉ።

ቁፋሮውም ከባድ ሥራ አይደለም። ቋጥኙ እስኪነካ ቆፍረው ጥልቀቱን በሜትር ይለኩ። የወጣውን አፈር አድርቀው በወንፊት ይንፉት፤ የቀረው ጠጠርና ያለፈው ደቃቅ ስንት ስንት ጣሳ እንደሆነ ይቁጠሩ። ደቃቁን በውሃ ለውሰው በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት፤ እንደ ገመድ ከተሳበ ሸክላ በዝቶበታል፥ ከተበተነ አሸዋማ ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ይጨርሱታል።

እኛም በዚያ ቀን ለክተን 22 ሳንቲሜትር አገኘን። ተማሪው በደብተሩ «ሌፕቶሶል» ብሎ ከጻፈ በኋላ ጥቂት አሰበና ከሥሩ «የላሞች መኖ» ብሎ ጨመረ። ጉድጓዱንም ደፍነን፥ የተገለጠውን ሣር በቦታው መልሰን ወረድን።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ቀዩ አፈር እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ይሰንብቱ።