ክረምት፣ ወንዝና አሰልጣኝ የሌላቸው ዋናተኞች

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ወንዝ ይሞላል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ቁልቁል ሲወረድ ባለችው በደጋንና በዙሪያዋ ላለ ልጅ ክረምት ማለት የእነዚህ የሁለቱ መገጣጠም ነው። ከብት የሚጠብቀው ከከብቶቹ ኋላ፣ የከተማው ልጅ ከቂርአት ወይም ከማጠናከሪያ ትምህርት መልስ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ወደ ውሃው ይወርዳል። ወላጅ የት እንደዋለ የሚያውቀው ማታ ልብሱ ላይ ባለው ጭቃ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ድልድይ በታች ቆሜ ያየሁትን ልናገር። ውሃው ደፍርሶ ቀልቷል። ወንዶቹ ልጆች ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ከምረው ከቋጥኝ ይዘላሉ። ጠና ጠና ያሉት ጎርፉ የሚያመጣውን ግንድ ለመያዝ እስከ መሃል ይዘልቃሉ፤ የቀናው ያወጣውን ለማገዶ ይሸጠዋል፣ ወይም ለእናቱ ያስገባላታል። ትንንሾቹ ባዶ ጀሪካን ታቅፈው ዳር ዳሩን ይንቦጫረቃሉ። ሴቶቹ ልጆች ከላይ በኩል ልብስ ያጥባሉ። ውሃው ከጉልበታቸው አያልፍም፤ አንዳቸውም ሲዋኙ አላየሁም። ከፍ ያለውን ልጅ ጠርቼ፣ «ውሃው እየጨመረ ነው፤ ውጡ እንጂ» ስለው፣ «አብሽር ጋሼ፣ እናውቀዋለን» አለኝ።

ያውቁታል ወይ? ጥልቁ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ድንጋዩ የት እንደተደበቀም ያውቃሉ። የማያውቁት ከበላያቸው ያለውን ነው። በእኛ አገር ወንዝ የሚሞላው እኛ ላይ ስለዘነበ ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እዚህ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ይወጣል፤ ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ይመጣል። ገደላማው መሬት ውሃውን አያቆየውም፤ ደኑ በሳሳበት ተራራ ላይ ደግሞ የሚይዘው የለም። ልጆቹ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ፀሐይ ስታባብላቸው ነው፤ ደራሽም የሚመጣው ያኔ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው እንዲሁ አይደለም።

ከዚህም የባሰ የማናውቀው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ሰው ውሃ ሲወስደው የሚጮህ፣ እጁን እያወዛወዘ የሚጣራ ይመስለናል። በእውነቱ የሚሰጥም ልጅ አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ በማይበቃ ቅጽበት ነውና ለመጣራት ጊዜ የለውም፤ እጁም ውሃውን ወደ ታች በመጫን ተጠምዷል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። አጠገቡ ያሉት ጓደኞቹ የሚጫወት ይመስላቸዋል። ሲነቁ ደግሞ ወንድም ወንድሙን ለማውጣት ይዘላል፤ ስለዚህ ነው ከአንድ ቤት ሁለት አስከሬን የሚወጣው። ማውጣት ቢቻል እንኳ ልጁን ዘቅዝቆ ማራገፍ፣ ሆዱን ተጭኖ ውሃ ማስተፋት የተለመደ ነው። ሐኪሞች የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ መተንፈስ ካቆመ ጊዜ ሳያጠፉ በአፍ ትንፋሽ መስጠት፣ ደረቱንም መጫን። የጠፋው ትንፋሽ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ በውሃ ሰጥሞ ሞቷል። ከመቶው 92ቱ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለዚህ ጉዳይ በዓመት አንድ ቀን ሰይሟል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ይውላል። የእኛ ወንዞች ከአፍ እስከ ገደፋቸው በሚሞሉበት ወር መሆኑ ነው። በዚያ ቀን በከተማችን ስለ ውሃ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በሐምሌ የምንሰማው የሰፈር እግር ኳስ ውድድር ፊሽካ ነው። ኳሱን አልጠላሁም፤ መልካም ነው። ግን ኳስ ሜዳ ላይ የተሸነፈ ልጅ ማታ ቤቱ ይገባል።

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዘመዴ የልጁን የክረምት መርሐ ግብር በቴሌግራም ልኮልኝ አይቼዋለሁ። እሱ በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የሚሠራ የዋና ሊግ አለ፤ በሥሩ ከ100 በላይ የሰፈር ክለቦች ይወዳደራሉ፤ ዕድሜያቸው እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጆች በየዕድሜያቸው ተከፍለው ይዋኛሉ። ትምህርት ሳይዘጋ ልምምድ ይጀመራል፤ ከዚያ በተከታታይ ቅዳሜዎች ጠዋት ክለብ ከክለብ ይገጥማል፤ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ወቅቱ ይዘጋል። ወላጅ ሰዓት ይይዛል፣ ወላጅ ውጤት ይመዘግባል። ዳር ላይ ሕይወት ለማዳን የሠለጠነ ጠባቂ ሳይቀመጥ አንድም ልጅ ውሃ አይነካም። እኔን የገረመኝ ገንዳው አይደለም። ሰማያዊ ገንዳ ማንም ሀብታም ይሠራዋል። የገረመኝ ያቺ ወረቀት ናት፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ጠባቂነት ውሃ ውስጥ እንደሚገባ የምትናገረው ወረቀት። የእኛ ልጆች ከነሱ ልጆች ባልተናነሰ ውሃ ውስጥ ይውላሉ። የጎደለን ወረቀቷና ጠባቂው ነው።

ታዲያ ያንን መርሐ ግብር እንዳለ እንቅዳው? አይሆንም። የእነሱ ክረምት ፀሐይ ነው፤ የእኛ ክረምት ጎርፍ። ልጆቻችን ነፃ በሚሆኑበት ወር ውሃው አውሬ ነው፤ ውሃው ጋብ በሚልበትና በሚጠራበት ወር ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ወቅቱን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርቱ በየብስ ይሁን፤ ልጁ መንሳፈፍ ሳይማር በፊት ደራሽን ማወቅ ይማር፤ የውሃው ቀለም ሲለወጥ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ሲጀምር መውጣትን ይማር። ጓደኛው ሲሰጥም ዘሎ አለመግባትን፣ ዱላ ማቀበልን፣ ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን መወርወርን ይለማመድ። ትንፋሽ መስጠትንና ደረት መጫንን ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ሊያሳያቸው ይችላል። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ዝናቡ አልፎ ወንዙ ሲጎድል፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ጥቅምትንና ኅዳርን ይዞ ውሃ ውስጥ ይገባ። ደጋን ሞቃት አገር ስለሆነች በኅዳርም ቀትር ላይ ውሃ አያስፈራም።

የትኛው ውሃ ውስጥ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ላቃልለው አልፈልግም። በኮምቦልቻ የለዮሌና የወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ይህ በተመራማሪዎች የተጠና ነው። ከዚያ በታች ልጅ አስተምሩ ማለት አልችልም። ሐይቅ አለን፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፤ ውበቱ ይነገርለታል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል፤ በአካባቢው ተማሪዎች ላይ ቢልሃርዚያ መኖሩም በጥናት ታይቷል። ቢልሃርዚያ ደግሞ በረጋ ውሃ ዳር ባለች ቀንድ አውጣ በኩል ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ በሽታ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ የረጋ ኩሬ ፈልጎ ማጠርም አይበቃም።

ግን መውጫ የሌለው ነገር አይደለም። ባንግላዴሽ ራሷ ድሃ አገር በነበረችበት ጊዜ በየመንደሩ ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መድረክ አስጠልቃ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ማስተማር ጀመረች። የሚጠየቀው ትንሽ ነው፤ 25 ሜትር መዋኘት፣ 30 ሰከንድ መንሳፈፍ፣ ሰውን ከዳር ሆኖ ማውጣት። ይህን የተማሩ ልጆች ካልተማሩት ይልቅ የመስጠም አደጋቸው ከመቶ ዘጠና በላይ መቀነሱ ተመዝግቧል። ለእኛ ቀርከሃውም ላያስፈልግ ይችላል። ገበሬዎቻችን ለመስኖ ውሃ የሚያቁሩበትን፣ በጂኦሜምብሬን የሚለበጠውን ጉድጓድ የማያውቅ የለም። ያ ጉድጓድ እንዳለ ሲታይ ወጥመድ ነው፤ ጎኑ ያዳልጣል፤ የገባ ልጅ መውጫ አያገኝም። እሱኑ ግን ከልጅ ደረት ሳያስበልጡ፣ ደረጃ አበጅተው፣ በአጥር ከበው ለዋና ብቻ ቢቆፍሩትስ? ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ ከሁለት ቀን በላይ ተቀምጦ ከዋለ ከቢልሃርዚያ የጸዳ ይሆናል። ውሃውን በየጊዜው መለወጥና ዳሩን ከሣር ማጽዳት ግን ግድ ነው። ወጪ የለውም አልልም፤ ቢሆንም በየቀበሌው ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ ጥገና ከምናዋጣው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ዋና ሲነሳ ብዙ ሰው ከሪዮ ኦሊምፒክ ወዲህ ይስቃል። በ2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሲወጣ ዓለም ተሳለቀበት፤ እኛም አጨበጨብንለት ለማለት ይከብዳል። ወርቁን የወሰደው አውስትራሊያዊ ካይል ቻልመርስ ፍጻሜውን በ47 ሰከንድ ከ58 ነበር የጨረሰው። ልዩነቱን አይተን ስንስቅ ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ስንቱ ልጅ በአስተማሪ እጅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያውቃል ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ሯጭ የምናወጣው ሁሉም ልጅ ስለሚሮጥ ነው። ደግሞ እኔ የምጠይቀው ሜዳሊያ አይደለም፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ልጅ ማታ ቤቱ እንዲገባ ነው።

የሴቶቹን ልጆች ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልወድም። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ልብስ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው፣ የሞላ ወንዝ አቋርጠው ወደ ገበያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ከወንዶቹ ባልተናነሰ ውሃ ዳር ውለው የማይዋኙት ግን እነሱ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ስለዚህ ባነሳሁላቸው ጊዜ፣ «ሴት ልጅ ራቁቷን?» አሉኝ። ትክክል ብለዋል፤ ማንም ያንን አልጠየቀም። በዛንዚባር የፓንጄ ፕሮጀክት የሙስሊም ሴት ልጆችን ከራስ እስከ እግር በሚሸፍን የዋና ልብስ፣ በሴት አስተማሪዎች ሲያስተምር ቆይቷል። ወላጆች መጀመሪያ አንገራገሩ፣ ኋላ ፈቀዱ። ለልጆቻችሁ ዋና፣ ቀስት ውርወራና ፈረስ ግልቢያ አስተምሩ የሚለውን ምክር ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ ተያይዞ ሲነገር ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ሽማግሌውም ሲሰሙት ኖረዋል። ይህን ሳስታውሳቸው ፈገግ ብለው፣ «ለብቻቸው ሰዓት ከሆነ፣ ሴት ከሆነች አስተማሪዋ፣ ምን ከፋኝ» አሉ። ስለዚህ የሴቶቹ ሰዓት ከመርሐ ግብሩ ግርጌ የሚጨመር ሳይሆን ቀድሞ የሚጻፍ ይሁን።

አስተማሪው ከየት ይምጣ የሚሉ አሉ። ለወንዶቹ እኔ ከድልድዩ በታች ያየኋቸው አሉ። ግንድ ሲያሳድድ ካየሁት ወጣት የተሻለ ውሃ የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ አናስመጣም። የሚጎድለው የማስተማር ዘዴውና የነፍስ ማዳን ሥልጠናው ነው። ይህንንም ባሕር ዳርን ከመሰለ የውሃ ስፖርት ካለበት ከተማ አሰልጣኝ አስመጥቶ በአንድ የዕረፍት ጊዜ መስጠት ይቻላል። ለሴቶቹ ሰዓት ደግሞ እዚያ ሴቶች ልኮ ማሠልጠን ሳይሻል አይቀርም፤ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከእነሱ ነው መጀመር ያለብን።

ያንኑ «እናውቀዋለን» ያለኝን ልጅ በኋላ ገበያ ላይ አግኝቼው ነበር። ዕድሜው አሥራ ሰባት ይሆናል፤ ከሰል ጭነት ላይ ይሠራል። «ቢያሰለጥኑህ ትንንሾቹን ታስተምራለህ?» አልኩት።

«አስተምራለሁ ጋሼ። ይከፈላል?»

አሳቀኝ፤ ግን ጥያቄው ትክክል ነው። የወጣቱን ጉልበት ሁሉ በጎ ፈቃድ እያልን በነፃ መውሰድ ለምደናል። ቅዳሜውን ጭነት ትቶ ሃያ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲጠብቅ ለሚውል ልጅ ቢያንስ የሸክሙን ዋጋ ልንከፍለው ይገባል፤ ስንት እንደሆነም እሱ ራሱ በዚያው ቆመን ነግሮኛል።