የተበላ ናሙና የተበላ ዕቃ ይወልዳል

ወፍጮ ሲቆም የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለወፍጮው ለነጋዴው ይደውላል። የተበላው ዘንግ ተፈትቶ በማዳበሪያ ይጠቀለልና ለሹፌር ይሰጣል። ትዕዛዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ልክ እንደዚህ አሥር አሠራልን»። ዕቃው ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ፣ ካሪዮባንጊ ካለ ቶርኖ ቤት ይገባል። አቅጣጫው የሚለያይበት ጊዜም አለ፤ ከጁባ ወደ ካምፓላ ካትዌ፣ ከሐርጌሳ ወደ ቻይና፣ ከገጠር ከተሞቻችን ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ። ተሠርቶ ሲመለስ ግን የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ወይ አልገጠመም፣ ወይ ገጥሞ በወሩ ተበላ። ነጋዴው ባለሙያውን ይወቅሳል፤ ባለሙያው «ያመጣህልኝን ነው የሠራሁት» ይላል፤ ባለወፍጮው ደግሞ ሁለቱንም ይረግማል።

በዚህ ጉዳይ ያለን አቋም ግልጽ ነው፦ ናሙና ብቻውን ትዕዛዝ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ክርክር አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ያለው ባለሙያው ጋ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ደጅ ላይ የሚሠራውን ባለሙያ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። ያ ሰው በፀሐይ ላይ ቆሞ የተሰጠውን በታማኝነት ይቀዳል። ችግሩ ታማኝነቱ ላይ አይደለም፤ የሚቀዳው ዕቃ ዕድሜውን የጨረሰ መሆኑ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። የወፍጮው ኩሽኔታ ላይ 6308 የሚል ቁጥር አለ እንበል። የዚህ ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳ 40 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ነው። ቁጥሩ በየትኛውም አገር ያው ነው። እንዲያውም ቀላል ዘዴ አለ፤ በእንዲህ ያሉ ባለአራት አኃዝ ኩሽኔታዎች የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ይሰጣሉ። 08 በ5 ሲባዛ 40 ነው። እንግዲህ አዲሱ ዘንግ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ 40 ሚሊ ሜትር፣ ከበለጠም በመቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። የተላከው አሮጌ ዘንግ ግን ተበልቶ 39.6 ደርሷል። ባለሙያው ለካ፣ 39.6 አገኘ፣ አሥሩንም 39.6 አድርጎ ሠራ። ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ ይላላል፣ ይሽከረከራል፣ ይግላል፤ አዲሱ ዘንግ አሮጌው የሄደበትን መንገድ ይሄዳል። ገዢው አዲስ ብረት ሳይሆን አዲስ የተሠራ እርጅና ገዛ ማለት ነው።

በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የሚፈስ ዕቃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አሮጌው ፑሌጃ ራሱ እንደ ሞዴል አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ፣ የፈሰሰው ጊዛ ሲቀዘቅዝ በግምት አንድ በመቶ ይሰበሰባል። 200 ሚሊ ሜትር የነበረው 198 አካባቢ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም ቶርኖ ላይ ሲስተካከል ጥቂት ይቀነስለታል። ስለዚህ ሞዴሉ ከሚፈለገው ዕቃ ተለቅ ማለት አለበት። በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፎቶ መልክ እንጂ መጠን የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሳችን፦ ከናሙናው ጋር ንድፍ ይሂድ። ንድፍ ስንል የትልቅ ፋብሪካ ወረቀት ማለታችን አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ልኮቹ በሚሊ ሜትር የተጻፉበት፣ ቀንና የለውጥ ቁጥር ያለው ይበቃል። ልኩ የሚወሰደው ከተበላው ዕቃ ሳይሆን እሱ ከሚገጥምበት ነው፤ ከኩሽኔታው ቁጥር፣ ከቺንጋው ዓይነት፣ ካልተበላው የዘንጉ ክፍል። የሚለካውም በሜትር ሳይሆን በካሊፐር፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ በማይክሮሜትር ነው።

ንድፉ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳይቀሩ እንመክራለን።

የመጀመሪያው የሚፈቀደው ልዩነት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ንድፍ ላይ የተለየ ነገር ካልተጻፈ አይ.ኤስ.ኦ 2768 የተባለውን አጠቃላይ ደረጃ እንከተላለን ይላሉ። በዚያ ደረጃ በመካከለኛው ክፍል ከ30 በላይ እስከ 120 ሚሊ ሜትር ያለ ልክ በ0.3 ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ይችላል። ስለዚህ 40 የተባለ ዘንግ 39.7 ሆኖ ቢመጣ ፋብሪካው ውሉን አላፈረሰም! ለመከላከያ ላሜራ 0.3 ምንም አይደለም፤ ለኩሽኔታ ቦታ ግን ሞት ነው። በሌላ በኩል ሁሉንም ልክ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ማዘዝ ዋጋውን ያለ ጥቅም ያንረዋል። ጥብቅ ልክ የሚጻፈው አንዱ ከሌላው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። «ጠንካራ ብረት» የሚባል ስም የለም። ለዘንግ የሚሆነውን መካከለኛ ካርቦን ብረት እንግሊዝ ቀኝ ይገዛቸው በነበሩ አገሮች ያሉ ነጋዴዎች ኢ.ኤን 8 ይሉታል፣ ጀርመኖች ሲ 45፣ ቻይናዎች 45 ቁጥር ይላሉ። ተቀራራቢ ናቸው፤ ፍጹም አንድ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ስሙ ካልተጻፈ ባለሙያው ጓሮው ያለውን ለስላሳ ብረት ቢያስር አይፈረድበትም። በሙቀት መጠንከር ያለበት ክፍል ካለም የቱ እንደሆነ ይጻፍ።

ሦስተኛው የብሎን ጥርስ ነው። ግማሽ ኢንችና 12 ሚሊ ሜትር ለዓይን ይቀራረባሉ፤ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች ራሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ የጥንቱ የእንግሊዝ ጥርስ በኢንች 12፣ የአሜሪካው ሻካራ ጥርስ 13 ነው። ዳዶው ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። በአካባቢያችን ገበያ የእንግሊዝ ሞተርና የሱ የሕንድ ቅጂ፣ የጣሊያንና የቻይና ማሽን ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር አለ። አሥር ይሠራ ሲባል መጀመሪያ አንድ ይሠራ። ያ አንዱ ይለካ፣ ማሽኑ ላይ ይግጠም፣ እህል ገብቶለት ይሥራ። ከተስማማን ዘጠኙ ይቀጥላል። ቀብድ ሲከፈል የብረቱን ዋጋ የሚሸፍን ይሁን፤ ባለሙያው በራሱ ኪስ እንዲነግድልን መጠበቅ ነውር ነው። ቀሪው ግን ዕቃው ከተለካ በኋላ ይከፈል። ከቻይና ፋብሪካዎች ጋር የተለመደው አከፋፈል 30 በመቶ ቀብድ፣ 70 በመቶ ከመጫኑ በፊት ነው። ይህ ማለት የመለኪያው ሰዓት ከመጫኑ በፊት ያለው ብቻ ነው። ጅቡቲ ወይም ሞምባሳ ከደረሰ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ልመና ነው።

ይህን ስንል የሚነሳብንን ተቃውሞ እናውቃለን። አንዳንዱ «እኛ በመተማመን ነው የምንሠራው፤ ወረቀት የእንግዳ ነው» ይላል። መተማመን የንግዳችን ዋና ሀብት መሆኑን አንክድም። ሆኖም መተማመንን የሚያጠፋው ወረቀት አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሰምተው ሁለት ነገር መረዳታቸው ነው። በተለይ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በስዋሂሊ አስቦ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲገናኙ! ቁጥር ግን ትርጉም አይፈልግም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራል።

ሌላው «ንድፍ ማሠሪያው ከዕቃው ይበልጣል» ይላል። ለአንድ ዕቃ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያው ዘንግ በየዓመቱ ይታዘዛል፣ ያው ወፍጮ በአሥር ከተማ አለ። አንድ ጊዜ የተሳለ ንድፍ ለዓመታት ያገለግላል። በአንድ መስመር የሚሠሩ ነጋዴዎች ወጪውን ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ ልጆቻችን ደግሞ ንድፍ መሳል ተምረዋል፤ የሚያሠራቸው ነው ያጡት።

«ንድፉን ሰጥተነው ለተፎካካሪያችን ቢሠራበትስ?» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው። መፍትሔው መደበቅ ሳይሆን አስቀድሞ መነጋገር ነው። ንድፉ የማን ነው? ለጊዛ የተሠራው የእንጨት ሞዴል የማን ነው፣ የትስ ይቀመጣል? የከፈልንበት ከሆነ የእኛ መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅም እንረከበው። ሳንጽፈው ከቀረን ግን ከባለሙያው ጋር በተጣላን ቀን ሞዴሉም እዚያው ይቀራል።

ንድፉ ኬላ ላይም ያግዛል። ደረሰኝ ላይ «የብረት ዕቃ» ተብሎ ከተጻፈ ቀረጥ ሠራተኛው ሌሎች የብረት ዕቃዎች ወደሚመደቡበት 7326 ቢወስደው አያስገርምም። በአጠቃላይ የወፍጮ ማሽን አካል በ8437፣ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግና ፑሌጃ በ8483፣ ኩሽኔታ በ8482 ሥር ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ንድፉ ላይ ካለው ጋር አንድ ሲሆን፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወረቀቱን ማሳየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ቁራጭ ብረት ይገባል ወይ ለሚሉን የምንመልሰው፦ ቁራጩ ትንሽ ነው፣ ያንጠለጠለው ግን ብዙ ነው። በአዝመራ ወር ወፍጮ ለሁለት ሳምንት ከቆመ ባለወፍጮው የብድሩን ክፍያ ያጣል፣ እናቶች እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፣ ዕቃውን ያመጣው ነጋዴ ደግሞ በዓመታት ያፈራውን ስም ያጣል። የዘንግ ዋጋ ይተካል፤ ስም ግን በቀላሉ አይተካም።

ስለዚህ ጥሪያችን ይህ ነው። ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ጀምሮ ናሙናውን ስትልኩ አንድ ገጽ ንድፍ አብራችሁ ላኩ፤ ቅጂውን እናንተ ጋ አስቀሩ። በየከተማው ያላችሁ ማኅበራት የሚደጋገሙትን ዕቃዎች ለይታችሁ አንድ አንዱን አስለኩ፣ አስሳሉ። ባለሙያውን ከመውቀስ በፊት ምን ብለን እንዳዘዝነው የሚያሳይ ወረቀት በእጃችን ይኑር። ያኔ ጥፋት ቢኖር እንኳ ጥፋቱ የት እንዳለ ካሊፐሩ ይነግረናል፤ ወዳጅነታችንም ከነክብሩ ይቆያል።