ሕጉን አታንብቢልን፣ አጫውቺን

የአክስቴ ልጅ ከሚኒያፖሊስ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር አንድ ትልቅ ካርቶን ነበር። ካታን ይባላል። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር የፈጠረው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለና እስካሁን በሚሊዮኖች የተሸጠ ቦርድ ጌም ነው። ልጁ ስጦታውን ሰጥቶን ደምቢ ዶሎ ዘመድ ሊጠይቅ ሄደ። ቅዳሜ ማታ ነቀምት ቤታችን ውስጥ ጠረጴዛውን አጽድተን ከበብነው፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ የጎረቤታችን ልጅና እኔ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተባልኩና የሕጉን መጽሐፍ ያዝኩ።

ከገጽ አንድ ጀምሬ እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። ስለ መንደር ነገርኳቸው፣ ስለ ከተማ ነገርኳቸው፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ሌባው፣ ረጅሙን መንገድ የሠራ ሰው ስለሚያገኘው ተጨማሪ ነጥብ። አርባ ደቂቃ! ማንም ዳይሱን እንኳን አልነካም። ወንድሜ ስልኩን አወጣ። የጎረቤታችን ልጅ "ፈተና አለው እንዴ?" አለኝ። እናቴ ቡናዬን ላፍላበት ብላ ተነሳች። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ኳስ ሊጀምር ነው ብለው ወጡ። ካርቶኑ ቡፌው ላይ ሁለት ወር ተቀመጠ።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ "ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ለእኛ አይሆንም" ብዬ ተውኩት። አሁን እንደዚያ አላስብም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጨዋታውማ ምንም አልበደለም።

ነገሩ የገባኝ ስለ ገበጣ ሳስብ ነው። ገበጣን ያስተማረችኝ አኮ ነች፤ ወለጋ ውስጥ አያታችንን እንደዚያ ነው የምንጠራት። ጊምቢ አካባቢ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጠጠር። አንድም ቀን ሕግ አልነገረችኝም። "አንቺ ጀምሪ" አለችኝ፣ በቃ። ስሳሳት እጄን ይዛ ጠጠሩን ትመልሰዋለች። ስትበላኝ ትስቃለች። በሦስተኛው ቀን ለምን እንደተበላሁ ገባኝ፤ በሳምንቱ ከመዝራቴ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ መቁጠር ጀመርኩ።

ገበጣ ደግሞ የልጅ መጫወቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በ"ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቷቸውን ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፣ አዘራሩም አበላሉም ከአገር አገር ይለያያል። በየሐና በማጣራ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች የአክሱም ዘመን የገበጣ ሰሌዳዎች ተብለው ይጠቀሳሉ። ይህ ሁሉ ሕግ፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ገጽ መመሪያ ሳይጻፍለት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ናቸው ያስተላለፉት። ታዲያ "ውስብስብ ጨዋታ ለእኛ አይሆንም" ማለት ምን ማለት ነው?

የአገራችን ሰንጠረዥም አለ። ዛሬ በስልካችን ከምንጫወተው ቼዝ የሚለየው አንዱ ነገር አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። እስቲ ይህንን በወረቀት ለማያውቅ ሰው አስረዱት። አይቻልም። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ግን በሁለት ደቂቃ ታሳዩታላችሁ።

የሚገርመው፣ ከዘመናዊዎቹ ቦርድ ጌሞች አንዳንዶቹ ሞተራቸው ገበጣ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሽቴፋን ፌልድ ትራጃን እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ስድስት ጎድጓዳ ቦታዎች ያስቀምጣል፤ ዘርታችሁ የመጨረሻዋ ያረፈችበት ቦታ ምን መሥራት እንደምትችሉ ይወስናል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሩኖ ካታላ ፋይቭ ትራይብስም እንዲሁ፤ ከአንድ ቦታ ያነሳችሁትን በየቦታው አንድ አንድ እየጣላችሁ ትሄዳላችሁ። ፈረንጅ ይህንን "ከባድ ስትራቴጂ" ብሎ በካርቶን ይሸጠዋል። አኮ ብታየው ከት ብላ ነበር የምትስቀው።

ከሁለት ወር በኋላ ካርቶኑን አወረድኩት። በዚህኛው ዙር መጽሐፉን ከጠረጴዛው አራቅኩት፤ እኔ ግን ከሦስት ቀን በፊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ አራቱንም ሰው ሆኜ ተጫውቼዋለሁ። (ቤተሰቦቼ አበደች ብለው ነበር።) ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አሥር ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ መንደር አንድ ነጥብ ነው፣ ከተማ ሁለት።" መነሻ ቦታቸውን እኔ መረጥኩላቸው፤ መመሪያው ራሱ ለጀማሪ ይህንን ይመክራል፣ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ዘልዬው ነበር እንጂ። ካርዳችንን ፊት ለፊት ዘርግተን ጀመርን። ዳይስ ተጣለ፣ ስንዴ የወጣለት ስንዴ ወሰደ። ቀሪውን እየሄድን።

ስሞቹንም ቀየርን። በግ "ሆላ" ሆነ፣ ስንዴ "ቀመዲ"፣ ጡብ "ጡቢ"። ይህንን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም፣ እናቴ ናት የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ግን ጠረጴዛው ገበያ ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ ቤታቸው አማርኛ ነው የሚነገረው፤ "ሁለት ሆላ ልስጥሽና አንድ ቀመዲ ስጪኝ" እያለ ከእናቴ ጋር በሁለት ቋንቋ ሲከራከር አመሸ። እናቴ ደግሞ በነቀምት ገበያ ሃያ ዓመት የተከራከረች ሴት ናት። ምን ልበላችሁ፣ አራጣ አበዳሪ ሆነችብን። እኔ ለአራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስለ ንግድ ጥቅም የተማርኩትን እሷ በአንድ ማታ በላችኝ።

ግን የአኮ ዘዴ ሁሌ ይሠራል ብዬ አልዋሻችሁም። ካታን ላይ የዳይሶቹ ድምር ሰባት ሲሆን፣ ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ሰው ግማሹን ይጥላል። ይህንን "ሲመጣ እነግራቸዋለሁ" ብዬ አቆየሁት። ሰባት መጣ። ወንድሜ ከተማ ሊሠራበት ያጠራቀመው ዘጠኝ ካርድ ነበረው፤ አራቱን ጣል ስለው ተነስቶ ቆመ። "አልነገርሽኝማ!" አለ። እውነቱን ነው። ገበጣ ላይ ሁሉ ነገር በግልጽ ተቀምጧል፣ የሚያደባ ሕግ የለም። ዘመናዊዎቹ ጨዋታዎች ግን ያደባሉ። ስለዚህ አሁን አንድ መስፈርት አለኝ፦ ሳያውቀው የሚጎዳውን ሕግ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ሳያውቀው የማይጎዳውን ሲደርስ። ወደቡን ቆይቶ ቢሰማ አይሞትም። ሰባትን ግን ከመጀመሪያው ዳይስ በፊት መስማት አለበት።

ሌላው ጣጣ አስተማሪው ራሱ ነው። የሌላውን እጅ መጫወት ይወዳል። "እዚያ አታድርጊ፣ እዚህ አድርጊ።" ፓንዴሚክ የሚባል ጨዋታ አለ፣ ማት ሊኮክ የሠራው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ አይሸናነፉም፣ ሁሉም ተባብረው ወረርሽኝ ያቆማሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ነገር ግን አንድ ተናጋሪ ሰው ካለ እሱ ብቻውን ይጫወታል፣ ሌላው እጅና እግሩ ይሆናል። በእኛ ቤት ደግሞ ታላቅ ከተናገረ ታናሽ ይሰማል። ከታላቅ ወንድማችሁ ጋር ፓንዴሚክ ልትጫወቱ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አፉን ለማዘጋት ተስማሙ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በወለጋ ከተሞች ማታ ማታ ወጣቱ የት ነው? ወንዱ ፑል ቤት፣ ጆተኒ ወይም ቤቲንግ ቤት። ሴቷ ቤት፣ ከስልኳ ጋር። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ከጨለመ ማንም የማይወጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ካርታና በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ ከሞት ተነሱ። ከዚያ ኔትወርኩ ተመለሰ፣ እኛም ወደየስልካችን ተመለስን። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ አምስት ቲክቶክ።

ቤቲንጉን በተመለከተ ስብከት አልሰብክም፤ ሒሳቡን ግን ላሳያችሁ። እኩል የማሸነፍ ዕድል ያላቸው ሁለት ቡድኖች አሉ እንበል፣ አቻ የለም። ፍትሐዊው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ለሁለቱም 1.85 ከሰጠ፣ 100 ብር እየመደባችሁ ደጋግማችሁ ስትቆርጡ በአማካይ የሚመለስላችሁ 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት ስትደርቡ ደግሞ ያ ቅናሽ እርስ በርሱ ይባዛል። ይህንን ለወንድሜ አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶ ያውቃል? አልሰማኝም።

ካታን ላይ ግን አየው። ሁለት ዳይስ ሲጣሉ 36 ዓይነት ውጤት አለ። ሰባት በስድስቱ ይመጣል፣ ስድስትና ስምንት በአምስት በአምስቱ፣ ሁለትና አሥራ ሁለት ግን በአንድ በአንዱ ብቻ። እናቴ በሁለተኛው ማታ መነሻዋን ራሷ ስትመርጥ "የሐዋርያት ቁጥር ነው" ብላ አሥራ ሁለት ላይ ሰፈረች። ሌሊቱን ሙሉ አንዴ ወጣላት። በሦስተኛው ማታ ያለ ማንም ምክር ስምንት ላይ ተቀመጠች። ወንድሜም ያን ዕለት "ቆይ፣ እነሱ ኦዱን ሲያወጡ ይህንን ቆጥረው ነዋ!" አለ። ትኬት መቁረጥ አቆመ ብዬ ተአምር አላወራላችሁም። ቀንሷል።

አዲስ አበባ ጓደኞቼ ዘንድ ደግሞ ብራስ በርሚንግሃም የሚባል፣ ከካታን እጅግ የሚከብድ ጨዋታ ሞክሬያለሁ። በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን ነው የሚካሄደው፤ መጀመሪያ ቦይ ትቆፍራላችሁ፣ ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ ትዘረጋላችሁ። ከገበያው የድንጋይ ከሰል በተነሳ ቁጥር የሚቀጥለው ዋጋ ይጨምራል። ሁሉም ሰው ሐዲድ ሊዘረጋ ሲሯሯጥ ከሰሉ ጣራ ይነካል፣ አስቀድሞ ማዕድን የከፈተው ይስቃል። ያንን የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር ስንት ጊዜ ነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልነው? እጄ ላይ ገንዘብ ሲያልቅ ነው የገባኝ። እዚያም ያስተማረችን ልጅ ጎበዝ ባትሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥለነው እንነሳ ነበር።

"ካርቶኑን ከየት እናመጣለን?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እዚህ ሱቅ ላይ አይገኝም፣ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ግን ዳማን በቆርኪ የሠራን ሰዎች ነን። ፈጣሪዎቻቸው በነጻ ታትመው እንዲሠሩ ያወጧቸው ጨዋታዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ካርቶንና መቀስ ይበቃል። ቦርድ ጌም አሬና የሚባለው ድረ ገጽም ብዙ ጨዋታዎችን በስልክ ብሮውዘር በነጻ ያጫውታል፤ ሕጉን ለመለማመድ ጥሩ ነው፣ ጠረጴዛውን ግን አይተካም።

የሚጎድለን አጫዋች ነው። አንድ ከባድ ጨዋታ ተለማምዶ በኦሮምኛም በአማርኛም ሳያደናግር ማስጀመር የሚችል ሰው። እኔ ብጠየቅ፣ አንድ የወጣት ማዕከል ወይም የተማሪዎች ክበብ አሥር ካርቶን ከሚገዛ አንድ ገዝቶ ሦስት አጫዋች ያሠልጥን እላለሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ፑል ቤት የማትገባ ልጅ ጓደኛዋ የምታጫውትበት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። መመሪያውን የሚተረጉም ሰውም ቃል በቃል አይተርጉም፤ በሁለት ገጽ፣ ግቡን ከላይ፣ የሚያደባውን ሕግ ከሥሩ ይጻፍ። እኔ የካታኑን በኦሮምኛ ጀምሬዋለሁ። "ወደብ" ላይ ተጣብቄያለሁ፣ ባሕር የሌለው ሰው ወደብን በምን ስም ይጥራው?

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። እኔ ለማስረዳት ገና አፌን ስከፍት እናቴ ዳይሱን ለሴትዮዋ ሰጠቻት። "እማ፣ ከባንክ የሚለወጠውን አልነገርሻትም እኮ" አልኩ።

"ሲያስፈልጋት እነግራታለሁ" አለች። "አንቺ ቡናውን አቅርቢ።"