ከዱላው ወዲህ

ሚኒሶታ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ በነሐሴ መጀመሪያ ደወለና፣ ሰላምታውን በወጉ ሳንጨርስ «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ ይምከሩኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። እኛ ባሌዎች ጠመንጃ ሲነሳ አስቀድሞ ትዝ የሚለን ጠብ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1962 ዓ.ም የዘለቀውን የባሌ ገበሬዎች አመፅ ያዩ ሰዎች ያሳደጉን ልጆች ነን። «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ፣ ለአደን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ዳክዬና ዝይ፣ በሚያዝያ ደግሞ ተርኪ።»

የሥራ ባልደረቦቹ ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ የጣሊያን ጠመንጃ አሳይተውታል። የእሱ ኪስ የሚችለው አምስት መቶ ነው። ከአምስት መቶው ላይ ጥይቱም፣ ፈቃዱም፣ ውሃ የማያስገባው ጫማም ሊወጣ ነው። እኔን የጠየቀኝ የአያቱን ጠመንጃ ተሸክሜ ያደግሁ መሆኔን ስለሚያውቅ ነው። ስልክ ላይ የነገርኩትን እዚህም ልጽፈው የፈለግሁት፣ ጉዳዩ ከአንድ ልጅ ግዢ በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አባቴ ፈቃድ ያለው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ 12 ጌጅ የአደን ጠመንጃ ነበረው። በበጋ ወራት ከጎባ ተነስተን የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ የሐረናን ደን ወርደን ወደ ደሎ መና ቆላ ጅግራና ቆቅ ፍለጋ እንሄዳለን። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ጠመንጃውን ሰጠኝ። የጅግራ መንጋ ከደረቅ ወንዝ ማዶ እየለቀመ ነበር። ቸኮልኩና ከሩቅ ሁለቱንም ቃታ አከታትዬ ሳብኩ። አንዱም ባለበት አልቀረም። ሦስቱ ግን እያነከሱ እሾሁ ውስጥ ገቡ። እስኪመሽ ፈለግናቸው። ያገኘነው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሞቶ ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ካላረደው አባቴ አይበላም።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ወስዶ በእርምጃ አስለካኝ። ስድሳ ሁለት እርምጃ ሆነ። አባቴ ከድሬ ሼክ ሁሴን ዚያራ ይዟት የተመለሰ፣ ጫፏ ባላ የሆነች ዱላ ነበረችው። ወደ ሼኩ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደሚይዛት ያለች ናት። ወደ ዚያራ ሲሄድ ጠመንጃውን ቤት ቆልፎበት፣ እሷን ብቻ ይዞ ነው የሚወጣው። ያን ቀን እሷን ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ ተከላትና «ከዚህች ወዲያ ያለው ያንተ አይደለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ በጋ ሙሉ ጥይት አላጎረስኩም። ሥራዬ ዛፍ፣ ጉብታና ወፍ እያየሁ ርቀት መገመት፣ ከዚያ በእርምጃ ማረጋገጥ ሆነ።

ስለዚህ ለልጁ መጀመሪያ ያልኩት ስለ ዋጋ አልነበረም። የሁለት ሺህ ዶላሩም የሁለት መቶ ሃምሳውም ጠመንጃ በጥይቱ ውስጥ የታጨቀውን ትንንሽ ፍሬ የሚበትነው በአንድ ዓይነት የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከ35 ወይም 40 ሜትር ወዲያ ፍሬው ይሳሳል፣ ኃይሉም ይደክማል። ውዱ ጠመንጃ ትከሻን ያነሰ ይመታል፣ ያምራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ርቀትን ግን አያሳጥርም።

ከዚያ ወደ ግዢው ገባን። ጌጅ የሚሉት ቁጥር የድሮ ስሌት ነው። በአፈሙዙ ልክ የተድበለበሉ 12 የእርሳስ ጥይቶች አንድ ፓውንድ ከመዘኑ ጠመንጃው 12 ጌጅ ይባላል፤ 20 ከሆኑ 20 ጌጅ። ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል። ዳክዬና ተርኪን በአንድ መሣሪያ ለሚያድን፣ ገንዘቡም ውስን ለሆነ ሰው፣ 76 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ጥይት የሚያጎርስ 12 ጌጅ ይበቃዋል። 89 ሚሊ ሜትር የሚያጎርሱም አሉ። ጥይታቸው ውድ ነው፣ ትከሻ ይሰብራል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ዓይነቱ በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰው ፓምፕ የሚሉት ይሁን አልኩት። ርካሽ ከፊል አውቶማቲክ በሚኒሶታ የኅዳር ውርጭና ጭቃ ውስጥ የመንከስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፓምፕ ግን የሰውየው ክንድ እስካለ ድረስ ይሠራል። ሬሚንግተን 870 እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ፣ ሞስበርግ 500 ደግሞ ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ እየተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። የሞስበርግ ታናሽ ወንድም የሆነው ማቨሪክ 88 ብዙ ጊዜ ከ300 ዶላር በታች ይገኛል። ውስጡ ከ500ው ጋር ተቀራራቢ ነው። ዋናው ልዩነት የጥበቃ ቁልፉ ያለበት ቦታ ነው፦ በ500ው ላይ በአውራ ጣት የሚገፋ ከላይ የተቀመጠ፣ በማቨሪኩ ላይ ቃታው አጠገብ ያለ። እኔ ማቨሪኩን መረጥኩለት፤ የተረፈው ገንዘብ ጠቃሚ ወደሆነ ነገር እንዲሄድ።

ያገለገለ ልግዛ ካለ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። አሮጌ ጠመንጃ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በቋሚነት የጠበበ ሊሆን ይችላል፤ የተሠራውም ለእርሳስ ፍሬ ነው። እሱ ለዳክዬ የሚተኩሰው ግን፣ ምክንያቱን ቆይቼ እመጣበታለሁ፣ ብረት ፍሬ ነው፤ ብረት እንደ እርሳስ አይለዝብም። በጠባቡ ውስጥ ሲገፋ አፈሙዙን ሊያበላሸው ይችላል። በርካሽ የተገኘ የአያት ጠመንጃ በዚህ መንገድ ውድ ሆኖ ያርፋል።

ይህ መጥበቢያ፣ ቾክ የሚሉት፣ አንዱን ጠመንጃ ሁለት የሚያደርገው ነው። ዳክዬ በበረራ ላይ ነች፤ ፍሬው ሰፋ ብሎ መበተን አለበት። ተርኪ ግን መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚመታው፤ ዒላማው ራሱና አንገቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍሬው ተሰብስቦ መሄድ አለበት። የአሁኖቹ ቾኮች በጥርስ የሚታሰሩ ናቸው። ለዳክዬ መካከለኛውን፣ ለተርኪ በጣም ጠባቡን ማሰር ነው። ብረት ፍሬ ሳይለዝብ ስለሚወጣ ከእርሳስ ይልቅ ተጠጋግቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ መካከለኛው ቾክ ለዳክዬ በቂ ነው፤ ከዚያ ማጥበብ አያስፈልግም።

ተርኪ የሚለው ስም ራሱ ለእኛ ቅርብ ታሪክ አለው። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካን ጅግራ በቱርክ ነጋዴዎች እጅ የመጣ ነው ብለው የቱርክ ዶሮ ይሉት ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ትልቅ ወፍ ሲደርስ ስሙ ወደ እሱ ዞረ። ሊኔዎስም ተርኪን ሜሌያግሪስ ብሎ ሲሰይመው የወሰደው የጅግራን የግሪክ ስም ነው። ቱርኮች ራሳቸው ሂንዲ ይሉታል። ተርኪ ከሚኒሶታ ጠፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሚዙሪ የመጡ 29 ወፎች በደቡብ ምሥራቁ የግዛቱ ጥግ ተለቀው ነው ዛሬ በየጫካው የሚታየው። ልጁ በሚያዝያ የሚጠብቀው ወፍ ሰዎች አንድ ጊዜ ጨርሰው ያጠፉት፣ ሌሎች ሰዎች ደግሞ የመለሱት ነው።

አሁን ብዙ ወደምጨነቅበት ልምጣ። ዳክዬ ጥርስ የላትም፤ የበላችውን የሚፈጭላት ከውሃ ዳር የምትለቅመው ጠጠር ነው። ጭቃ ውስጥ የወደቀ የእርሳስ ፍሬ ለእሷ ጠጠር ነው። ሆዷ ውስጥ እየተፈጨ ደሟ ውስጥ ይገባል፤ ክንፏ ይዝላል፣ ትከሳለች፣ ትሞታለች። የሞተችውን ያነሳ ንስርም ይመረዛል። አንድ አዳኝ በአንድ ጥይት ከመቶ በላይ ፍሬ ይበትናል፤ ወፏን የሚያገኛት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 በመላ አገሪቱ ለዳክዬና ለዝይ አደን እርሳስን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎች ከልክሏል። ምትኩ የሆነው ብረት ከእርሳስ ይቀላል፤ በኩብ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11 ግራም ያህል ሲመዝን ብረት ከ8 በታች ነው። ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ፍሬው ከእርሳሱ በሁለት መጠን ተለቅ ያለ ይሁን፣ ተኩሱም ከቅርብ ይሁን። ከጠመንጃው የተረፈችው ሁለት መቶ ዶላር ለዚህ ትዋል፤ ለጥሩ ብረት ጥይትና ለመለማመጃ።

ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚለኝ አንባቢ ካለ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ይውጣ። አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ግርጌ፣ በትንንሾቹ ሐይቆች ላይ የሚንሳፈፉት ዳክዬዎች ብዙዎቹ ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ናቸው። እዚያ ረግረግ ውስጥ የተዋጠ እርሳስ እዚህ ሐይቅ ላይ ሊገድል ይችላል። በአጠገባቸው የእኛዎቹ አሉ። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ጀርባው ላይ አሳርፎ ይሄዳል፤ ሰው ሲጠጋው አይቸኩልም። ቀይ ብርቱካናማው ትልቅ ዳክዬም ከሰሐራ በስተደቡብ የሚራባው በእኛ ደጋ ነው።

በእኛ አገር የውሃ ወፍ ለምግብ አይፈለግም። ክርስቲያኑ በሃይማኖቱ ልማድ፣ ሙስሊሙም ስላልለመደው። ዝይው እንዲህ ሳይፈራ የሚራመደው ለዚህ ይመስለኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1962 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ እዚያ አደን የለም። ከፓርኩ ውጪ በኦዶ ቡሉና በአባሸባ ደመሮ የአደን ቀጣናዎች ያለው አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ሥር በፈቃድ የሚካሄድ ነው። ሮቤ ላይ ወሬውን ሰምተው «አንድ ጠመንጃ ያምጣልን» ያሉኝ ሰዎች ስላሉም እዚሁ ልመልስላቸው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መግባትም መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስቀጣል። የወንድሜን ልጅ እስር ቤት እንዲገባ አልለምነውም።

እሱም ቢሆን የራሱን አገር ወግ ጠብቋል። በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ1979 በኋላ የተወለደ አዳኝ የመሣሪያ ደኅንነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አይገዛም፤ ወስዷል። 25 ዶላር የሚሸጠውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ገንዘቡ ረግረጋማ መሬት የሚጠበቅበትን የዳክዬ ቴምብር ገዝቷል። ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይገባ የጠመንጃው ሆድ ውስጥ የምትሰካውን እንጨት አልነቀለም።

መጨረሻ ላይ ያስቸገርኩት በወረቀቱ ነው። ጠመንጃ ገዝቶ ቀጥታ ወደ ሐይቅ የሚሮጥ ሰው ፍሬው የት እንደሚሄድ አያውቅም። ትልቅ ወረቀት ስቀል፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥራ፣ 36 ሜትር ራቅና ተኩስ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቁጠር አልኩት። አንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥይቱ ዓይነት፣ በየቾኩ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሰደፉ ጉንጩ ላይ በትክክል ካላረፈ የተኩሱ መሐል ከክቡ መሐል ይሸሻል፤ ይህንንም የሚያሳየው ያው ወረቀት ነው። ትንሽ አጉረመረመ። ጥይቱ ውድ ነው አለኝ። እሾህ ውስጥ ስለገቡት ሦስት ጅግራዎች የነገርኩት ያኔ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ።

ባለፈው ሳምንት መልሶ ደወለ። ማቨሪኩን ገዝቷል። ከ140 ብረት ፍሬ በ36 ሜትር ላይ 91ዱ ክቡ ውስጥ ገብተዋል። በ50 ሜትር ሲሞክረው ግን ወረቀቱ ላይ ዳክዬ የሚያህል ባዶ ቦታ እዚህም እዚያም አገኘ፤ ፎቶውንም ላከልኝ። ቅዳሜ ንጋት ላይ አደኑ ይከፈታል። የፕላስቲክ ዳክዬዎቹን ውሃው ላይ የሚያሰልፍበትን ቦታ አይቶ መጥቷል።

«ዱላውንም ተክያለሁ ጋሼ» አለኝ። «ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ፣ ደንገሉ ውስጥ።»

«ምን ዓይነት ዱላ?»

«ከሜፕል ዛፍ የቆረጥኳት ናት። ባላ ያላት ፈልጌ።»