ረዥም መብራት፣ አጭር ማስተዋል

እስቲ ዛሬ ስለ መብራት እናውራ። ጎበዝ፣ አትደንግጡ! ስለሚሄደውና ስለሚመጣው የቤት መብራት አይደለም፤ ስለ መኪና የፊት መብራት ነው።

ነገሩ የሚገባን አምደወርቅ አካባቢ ሲመሽ ነው። በዋግ ኽምራ ተራሮች የሚጠማዘዘው መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሰውን ገበሬና አህያውን ሹፌሩ የሚያያቸው በመኪናው መብራት ብቻ ነው።

መብራቱ ሲደበዝዝ ሹፌራችን ምን ያደርጋል? ጠንከር ያለ አምፖል ይገዛል። በ60/55 ዋቱ ፋንታ 100/90 ይተክላል። እስቲ እናስላው፦ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ይስባሉ። የፋብሪካዎቹ አምፖሎች ግን 10 አምፔር ይበቃቸው ነበር፤ ሽቦውና ማብሪያውም የተሠሩት ለእነሱ ነው። ውጤቱ ሙቀት ነው። አንድ ቀን ማብሪያው ዳገት መሀል ይቀልጥና ጨለማ ይሆናል።

እኛ የምንለው፦ አምፖሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሪሌ ይታሰር! ያረጀ ሽቦ ከቮልቴጁ 10 በመቶ ከበላ፣ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የደከመው አምፖሉ ሳይሆን ሽቦው ነው።

ሪሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለረዥሙ፣ አንዱ ለአጭሩ። 30 ቁጥር ከባትሪ በፊዩዝ በኩል ይመጣል (ፊዩዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን)፣ 87 ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ 86 ከድሮው የመብራት ሽቦ ይያያዛል፣ 85 ማሳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ጉልበቱ በሪሌው ያልፋል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጋቲቩን ስለሆነ አያያዙ ይለያል። በተስተር ሳይለኩ ሽቦ መቁረጥ የለም።

«ከአሮጌ መኪና ጋር ምን ያታግላል?» የሚል አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሪሌ አይሠራልንም፤ ረዥሙን ወደ አጭር መመለስ የሹፌሩ ፈንታ ነው። በተለይ ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ዜኖን ተክላችሁ አገሩን የምታጥበረብሩ የከተማ ልጆች፣ ስሙን! ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ አድርጎ ይለምናችኋል። አህያውን የሚነዳው ገበሬ ግን ብልጭ የሚያደርገው የለውም። ሳይለምነን አጭሩን እናብራለት።