አምስቱን ሰዎች የሚያውቃቸው አለ?

ኔትወርኩ መጣ ሄደ እያለ ስላስቸገረኝ ይህን ጽሑፍ ሁለት ቀን ቆራርጬ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኪራሙ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። አምስት ነን። አራታችን ዲግሪ አለን፤ አምስተኛው ሞተር ስላለው ከሁላችን የተሻለ ይኖራል። ወሬው እንደተለመደው ፖለቲካ ነው። አንዱ «እኛን እኮ የሚወክለን የለም» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ደግሞ ድንገት ጠየቅኩ፦ «እሺ፣ በአፍሪካ ፓርላማ ኢትዮጵያን የሚወክሉት አምስት ሰዎች እነማን ናቸው?»

ዝም አሉ። ቆይቶ ባለሞተሩ «ደሞ የአፍሪካ ፓርላማ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» ሲል ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አትሳቁበት። እኔ ራሴ ፖለቲካል ሳይንስ ተምሬ ስመረቅ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር።

ፓርላማውማ አለ። የፓን አፍሪካ ፓርላማ ይባላል። መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። አሁን መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ነው። እያንዳንዱ አባል ሀገር አምስት ሰው ይልካል፤ ከአምስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ታዲያ ማን ነው የሚመርጣቸው? አንተ አይደለህም። አንቺም አይደለሽም። የየሀገሩ ፓርላማ ነው ከራሱ አባላት መሃል መርጦ የሚልካቸው። ሕግ የማውጣት ሥልጣንም የላቸውም፤ ይመክራሉ፣ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ይመለሳሉ።

የሚገርመው፣ መመሥረቻ ሰነዱ ራሱ የመጨረሻ ግቡ አባላቱ በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ የሚመረጡበትና ሙሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው ፓርላማ መሆን ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት አልፏል። በ2014 እ.ኤ.አ. ማላቦ ላይ የተሻሻለ ፕሮቶኮል ጸድቆ ነበር፤ ሥራ ላይ እንዲውል 28 ሀገሮች ሊያጸድቁት ይገባል፤ ቁጥሩ እስካሁን አልሞላም። ቢሞላም ምርጫውን የሚተወው ለየሀገሩ ፓርላማ ነው።

አሁን ወደ አውሮፓ ልውሰዳችሁ፤ የምትመለሱት ወደ ኪራሙ ነው።

አውሮፓውያን የጋራ ፓርላማቸውን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀጥታ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ከመቶው 62 ገደማ ወጥቶ መረጠ። ከዚያ በኋላ የፓርላማው ሥልጣን እየጨመረ፣ የመራጩ ቁጥር ግን እየቀነሰ ሄደ። በ2014 ከ43 በመቶ በታች ወረደ። በዚያው ዓመት ስሎቫኪያ ውስጥ የመረጠው 13 በመቶ ብቻ ነው። ከ100 ሰው 87ቱ ቤቱ ቀረ ማለት ነው። በ2024ም የአውሮፓ አማካይ ወደ 51 በመቶ ሲመለስ ክሮኤሺያ 21 በመቶ ላይ ነበረች።

«ሥራ የማይሠራ ፓርላማ ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ። በእጅህ የያዝከውን ስልክ እየው። ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ቻርጀር፣ ታይፕ ሲ፣ እንዲኖረው የሚያስገድደው ሕግ በ2022 እ.ኤ.አ. የጸደቀው በዚያ ፓርላማ ነው። አይፎን ሳይቀር በዚህ ምክንያት ቻርጀሩን ቀየረ። ስሎቫኩ ቤቱ ተኝቶ ያሳለፈው ምርጫ ኪራሙ ድረስ መጥቶ ኪሳችን ገብቷል።

ታዲያ ሰው ለምን ቀረ? እኔ እንደሚመስለኝ የቀረው ፓርላማው አቅም ስላጣ አይደለም፤ ስም ስላጣ ነው። ሰው የከንቲባውን ስም ያውቃል። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ያውቃል፣ ሲከፋው ይሰድበዋል፣ በሚቀጥለው ምርጫ ይጥለዋል። ብራስልስ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን አያውቀውም። በማታውቀው ሰው አትናደድም። ካልተናደድክበትም፣ ተስፋ ካላደረግክበትም ልትመርጥ አትሰለፍም።

ስሎቫኩ እንግዲህ ካርድ ተሰጥቶት ነው የቀረው። እኛስ? በአፍሪካ ፓርላማ የኛ የመራጭ ቁጥር ስንት ነው? ዜሮ። ሰነፍ ስለሆንን አይደለም፤ ሳጥኑ ስላልመጣ ነው። ግንቦት 2013 ሚድራንድ ላይ የፓርላማ አባላቱ በሊቀመንበር ምርጫ ተጣልተው ሲገፋፉና ሲራገጡ የሚያሳየውን ቪዲዮ ስንቶቻችን ሼር አደረግን? ስቀን አለፍን። «ከነዚህ ውስጥ የኔ ተወካይ የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ።

አምስቱን የሚልከው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ብያለሁ። ስለዚህ እኛ ሚድራንድ ላይ ያለን ድምፅ የተወካይ ተወካይ ነው። ቀጭን ክር ናት። የምትጀምረውም እዚህ፣ ቀበሌያችን ውስጥ ከምንሰጠው ድምፅ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ሀገሩ ሲመርጥ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ቀን በጸጥታ ችግር ምክንያት በምዕራብ ወለጋ፣ በሆሮ ጉዱሩና በኛው በምሥራቅ ወለጋ፣ አያናን ጨምሮ፣ ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎች ነበሩ። ክሯ ከመነሻዋ ተበጠሰች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ነሐሴ መጣ። የዚያን ነሐሴ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጊዳ ኪራሙ ከ150 በላይ ሰው መገደሉን፣ በተከታዮቹ ቀናት ደግሞ በበቀል ከ60 በላይ ሌሎች መሞታቸውን ገልጿል። አማርኛ ተናጋሪ እናትም አለቀሰች፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናትም አለቀሰች። መስከረም 24 ቀን 2014 አዲሱ ምክር ቤት ሲከፈት እኛ ገና ሐዘን ላይ ነበርን። አዳራሹ ውስጥ እጁን አውጥቶ «ይሄ እኔ የተመረጥኩበት ቦታ ነው፣ መልስ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ሰው ያስፈልገን ነበር። ያልተመረጠ ሰው እጅ ሊያወጣ አይችልም።

አንዳንዶቻችሁ ኮመንት ላይ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «ምርጫ ምን አመጣልን? የሚመረጠው የታወቀ ነው፤ ካርድ ብይዝ ዳቦ አይገዛልኝ።» ወንድሜ፣ እህቴ፣ እኔም ሥራ አጥ ነኝ። ዲግሪዬን ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አባቴ ግንቦት 7 ቀን 1997 ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ እንደመረጠ እስካሁን ያወራል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውንም ያወራል። ስለዚህ ካርድ ብቻውን ያድነናል ብዬ አልዋሽም። የፓርላማ ወንበር ኖሮም ዝም የሚል ተወካይ እንደሚኖር አውቃለሁ።

ልዩነቱ ግን ይሄ ነው። ዝም ያለ ተወካይ ስም አለው። ስሙን ትጠራለህ፣ ትጠይቀዋለህ፣ ታሳፍረዋለህ። ባዶ ወንበር ግን አይጠየቅም፣ አያፍርም። እኛ ደግሞ ባዶ ወንበርን መጠየቅ ስለማይቻል እርስ በርሳችን እንሰዳደባለን። ፔጁ ላይ ያለውን ስድብ ቁጠሩት፤ ግማሹ ለሚመለከተው ሰው መድረስ የነበረበት ጥያቄ ነው።

«የአፍሪካው ይቅርብን፣ መጀመሪያ የቤታችን» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ የቤታችን ይቀድማል። ግን እነዚያ አምስት ሰዎች በስማችን ነው የሚቀመጡት። ኢትዮጵያ መጋቢት 2011 ያጸደቀችው የአህጉሩ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት የኛን በቆሎና ሰሊጥ ይነካል። በአፍሪካ ውስጥ ያለ ቪዛ መንቀሳቀስ የሚለው ጉዳይ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውን ያጎትህን ልጅ ይነካል። ስለነዚህ ነገሮች ሚድራንድ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ምን ተባለ? ማን አለው? ይሄን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። የኛ ዝምታ ግን ነቅዟል።

እና ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ፦

1ኛ፦ በምክር ቤቱ የምርጫ ክልልህን የሚወክለው ሰው ስም ማን እንደሆነ ዛሬ አጣራ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ባዶ መሆኑን በግልጽ ጻፍ። «የሚወክለን የለም» ከማለት «ይሄ ወንበር ከዚህ ቀን ጀምሮ ባዶ ነው» ማለት ይከብዳል፤ መልስም ይፈልጋል።

2ኛ፦ አምስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተናገሩ፣ ተመልሰው ለማን ሪፖርት እንዳቀረቡ ምክር ቤቱ በይፋ እንዲነግረን በጨዋ ቋንቋ እንጠይቅ። በስድብ የተጻፈ ጥያቄ መልስ ላለመስጠት ሰበብ ይሆናቸዋል።

3ኛ፦ የመራጮች ምዝገባ አካባቢህ ሲመጣ አትቅር። ካልመጣ ደግሞ ለምን እንዳልመጣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ አማራውም ኦሮሞውም አብሮ ይጠይቅ። ሳጥኑ የቀረው ለሁላችንም ነው።

ስሎቫኩ ሳጥኑ ደጁ ድረስ መጥቶለት ተኛ። እሱ ይችላል፤ ባይመርጥም ነገ ጠዋት መንገዱ ሰላም ነው። እኛ ግን ሳጥኑ ሳይመጣ ተኝተን ከተገኘን፣ ነገ «ለምን አልመጣላችሁም?» ብሎ የሚጠይቅልን ማንም የለም።

ባለሞተሩ ጓደኛችን ትናንት ማታ ደወለልኝ። «ስማ፣ ያን የአምስቱን ሰዎች ነገር አገኘኸው ወይ?» አለኝ። ቢያንስ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቷል ማለት ነው።

የናንተን አካባቢ ተወካይ ስም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ካላወቃችሁ «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ከዚያ እንጀምራለን።