ባላንጣውም ላብ አለው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለሲኒማ በበቃው «ድራጎን ቦል ዚ፦ ሪዘሬክሽን ኤፍ» ላይ ባላንጣው ፍሪዛ ከሲኦል ተመልሶ ለሎሌዎቹ የሚነግራቸው ነገር አለ። በዕድሜው አንድም ቀን ተለማምዶ አያውቅም፤ ያለው ኃይል ሁሉ አብሮት የተወለደ ነው። እንግዲህ አራት ወር ያህል ቢለማመድ ጀግናውን ጎኩን አልፎት ይሄዳል። አራት ወሩ ያልፍና ፍሪዛ ወርቃማ አካል ይዞ ምድር ላይ ይወርዳል። ልምምዱ ምን እንደነበር፣ የት ላይ እንደወደቀና እንዴት እንደተነሳ ፊልሙ አያሳይም።

የጎኩ ታሪክ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከልምምድ የተሠራ ነው። ልጅ ሳለ በመምህር ሮሺ እጅ ከባድ የዔሊ ቅርፊት ተሸክሞ ወተት ሲያድል፣ በባዶ እጁ እርሻ ሲቆፍር አንባቢ አብሮት ውሏል። ወደ ፕላኔት ናሜክ ሲጓዝ የመርከቡን ስበት ከምድር መቶ እጥፍ እስኪሆን ከፍ እያደረገ ራሱን ሲያሠቃይ አብሮት ተጉዟል። አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እስከ 1995 በሣለው ማንጋ ውስጥ የጎኩ እያንዳንዱ ደረጃ ዋጋ የተከፈለበት ነው። የፍሪዛ አራት ወር ከዚያ ሁሉ ዓመት ጋር እኩል ሲመዘን የሚረክሰው የጎኩ ልፋት ነው።

ለፊልሙ የሚሟገቱ ሰዎች ፍሪዛ መጨረሻ ላይ መሸነፉን ያነሳሉ። አዲሱን አካል ሳይለምደው ለበቀል ስለቸኮለ ጉልበቱ ቶሎ አለቀ፤ ይህም የጥድፊያው ቅጣት ነው ይላሉ። ክርክሩ ያስኬድ ነበር። ነገር ግን ቶዮታሮ በሚሥለው «ድራጎን ቦል ሱፐር» ማንጋ በ2022 ፍሪዛ እንደገና ብቅ አለ። አሁን ጥቁር ሆኗል፤ ጎኩንና ባልንጀራውን ቬጂታን በየአንዳንድ ምት ዘረራቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ጊዜ በተለየ ፍጥነት በሚሄድበት ክፍል ውስጥ ዐሥር ዓመት መለማመዱን ተናገረ። ዐሥር ዓመት! አንባቢ የደረሰው ግን ወሬው ብቻ ነው።

በወንድ ልጆች የውጊያ ማንጋና አኒሜ ላይ የነገሠው ልማድ ይህ ነው፤ ጀግናው ይለፋል፣ ባላንጣው ይወለዳል። «ሾነን ጃምፕ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ወዳጅነትን፣ ጥረትንና ድልን መለያው አድርጎ ስንት ትውልድ አሳድጓል። ከሦስቱ መካከል ጥረት ለጀግናው ብቻ እንደ ርስት ተሰጥቷል። ባላንጣው ሲበረታ ምክንያቱ ወይ ደሙ ነው፣ ወይ ከሌላ የሰረቀው አካል ነው፣ ወይ የደረሰበት ሐዘን ነው። ተመልካቹም ይህን ተቀብሎ «ጥረት ተሰጥኦን ያሸንፋል» የሚል ትምህርት ይዞ ይወጣል። ትምህርቱ ግን ከታሪኮቹ ጋር አይገጥምም፤ በጀግናውም በኩል፣ በባላንጣውም በኩል።

በጀግናው በኩል የማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ» በቂ ምስክር ነው። መጀመሪያ ላይ ናሩቶ በትምህርቱ የወደቀ፣ ሰፈር የገፋው ልጅ ነበር። «ዕጣ ከልደት ጋር ይመጣል» የሚለውን የሂዩጋ ጎሣውን ኔጂን ሲያሸንፍ ብዙ ልጅ አልቅሷል። ታሪኩ ሲገፋ ግን ናሩቶ የአራተኛው ሆካጌ፣ ማለትም የመንደሩ መሪ፣ ልጅ መሆኑ ተገለጠ፤ ቆየት ብሎም የጥንታዊው የአሹራ ዳግም ልደት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ኔጂ የተናገረው ነገር ስህተት መሆኑን ማን በሙሉ አፉ ይናገራል?

በዚያው ታሪክ ውስጥ ደራሲው ለእውነት የቀረበበት ቦታ የሮክ ሊና የጋራ ፍልሚያ ነው። ሊ ከሥጋው ጉልበት በቀር ምንም የኒንጃ ጥበብ መሥራት የማይችል ልጅ ነው። ያን ጊዜ ባላንጣ የነበረው ጋራ ደግሞ ሳይወለድ ጀምሮ አውሬ የታሰረበት፣ ሳይጠራው ራሱ ተነስቶ የሚከላከልለት አሸዋ ያለው ልጅ ነው። ሊ እግሩ ላይ ያሰረውን ክብደት ጥሎ፣ የሰውነቱን አምስት የኃይል በሮች ከፍቶ እስከ መጨረሻው ታገለ፤ እጁና እግሩ ደቀቀ፣ ተሸነፈም። ኪሺሞቶ ለልፋት የሰጠው ክብር ከዚህ የበለጠ የታየበት ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ልፋቱን ያከበረው ድል ሳይሰጠው ነው።

ወደ ባላንጣዎቹ ስንመጣ በዚያው በ«ናሩቶ» ኦቢቶ አለ። ከልጆቹ ሁሉ ኋላ የቀረ፣ ሰዓት የማያከብር፣ አልቃሻ ልጅ ነበር። ድንጋይ ግማሽ አካሉን ጨፍልቆት ከሞት ተረፈ፤ በሌላ ሰው ሕዋስ ተጠገነ፤ የሚወዳት ሪን ስትሞት ዓይኑ አዲስ ኃይል አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዘጠኝ ጭራ ያለውን ቀበሮ እየነዳ መንደሩን የሚያናውጥ፣ ከአራተኛው ሆካጌ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥም ሰው ሆነ። በመካከል ያለው የልምምድ ጊዜ የት ሄደ? ሐዘን ተተካበት። የእንባው ክብደት በቂ ከሆነ ተመልካች ስለ ላቡ አይጠይቅም የሚል ስሌት አለ። ሐዘን ሰውን ሊያጨክን ይችላል፤ እጅና እግርን ግን አያሠለጥንም።

ይህ ልማድ ሊሰበር እንደሚችል ያሳየው ዮሺሂሮ ቶጋሺ ነው። በ«ሃንተር ሃንተር» የጉንዳኖቹ ንጉሥ ሜሩኤም ከማንም በላይ ኃያል ሆኖ የተወለደ ነው፤ ከእናቱ ማህፀን ራሱ ቀዶ ወጣ። በልማዱ መሠረት ከዚህ በኋላ የሚቀረው ግዙፍነቱን ማሳየት ብቻ ነበር። ቶጋሺ ግን የገበታ ጨዋታ ፊት አስቀመጠው። ንጉሡ የሾጊንና የጎን ሊቃውንት ሕጉን በተማረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሸነፋቸው። ጉንጊ በሚባለው ጨዋታ ግን ኮሙጊ የምትባል፣ ዓይነ ስውር፣ ከድሃ ቤት የወጣች፣ ከዚህ ጨዋታ ሌላ ምንም የማታውቅ ልጅ ገጠመችው። ደጋግሞ ተሸነፈ። አእምሮዋን ለማናወጥ የግራ እጇን አስይዛ እንድትጫወት ሲጠይቃት እሷ ነፍሷን አስያዘች። ንጉሡ አፈረና የገዛ እጁን ቆረጠ። እስከ ሞቱም ድረስ አንድ ጨዋታ አላሸነፋትም።

ባላንጣ ሲለማመድ ማየት ማለት ይህ ነው። ልምምድ ከሽንፈት ጋር አብሮ መዋል ነው፤ ሜሩኤምም ከልጅቱ ፊት ተቀምጦ የዋለው ከሽንፈት ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ከሽማግሌው ተዋጊ ከኔቴሮ ጋር ሲገጥም የጉንጊ ገበታው ተከትሎት ሄዷል። ከሺህ በላይ ምት ከተቀበለ በኋላ የኔቴሮን አመታት እንደ ተጫዋች እርምጃ አንብቦ መግቢያ ቀዳዳ አገኘ።

ኔቴሮም በበኩሉ የልፋት ሁሉ ቁንጮ ነው። በ46 ዓመቱ ተራራ ወጥቶ በየቀኑ 10,000 የምስጋና ቡጢ ሊሰነዝር ራሱን አስገደደ። የመጀመሪያው ቀን ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀበት፤ ሃምሳን ሲያልፍ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እየጨረሰ በተረፈው ጊዜ ይጸልይ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ በንጉሡ ተሸነፈ፤ ንጉሡን የገደለው ኔቴሮ ደረቱ ውስጥ የቀበረው ቦምብ መርዝ ነው። ቶጋሺ «ጥረት ያሸንፋል» አላለም፤ «ተሰጥኦ ያሸንፋል»ም አላለም። ሁለቱም ወገኖች የከፈሉትን ዋጋ አሳይቶ ፍርዱን ለአንባቢው ተወው። ሜሩኤምስ በዚህ ምክንያት ከፍሪዛ ያነሰ ያስፈራል? እንዲያውም የበለጠ ያስፈራል፤ ሲማር ታይቷልና።

ተሰጥኦንና ልምምድን እንደ ሁለት ጠላቶች ማቆም ራሱ በእውነተኛው ዓለም የተፈተነና ያልተሳካ ሐሳብ ነው። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ጥናት የበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎችን መርምረው ምርጦቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ እንደተለማመዱ ሲያሳዩ፣ ብዙ ሰው ልምምድ ሁሉን ይሠራል ብሎ ደመደመ። በ2014 ብሩክ ማክናማራና ሁለት ባልደረቦቿ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በሰዎች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት ልምምድ የሚያስረዳው በቼዝና መሰል ጨዋታዎች 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶውን ነው። ትንሽ አይደለም፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከላብ የተሠራ ጀግናም፣ ሙሉ በሙሉ ከደም የተሠራ ባላንጣም የሉም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው የኮዮሃሩ ጎቶጌ «ዲመን ስሌየር» ነው፤ ምክንያቱም ባላንጦቹ ከጀግኖቹ በላይ የልፋት ሰዎች ናቸው። አካዛ ሰው ሳለ ሃኩጂ ይባል ነበር። ኬይዞ የተባለ መምህር ከወንጀል አውጥቶ ሥልጠና ሰጠው፤ የመምህሩን በሽተኛ ልጅ እያስታመመ በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ተለማመደ። የጎረቤት ማሠልጠኛ ሰዎች ጉድጓድ ውኃ መርዘው መምህሩንና እጮኛው የሆነችውን ያችን ልጅ ሲገድሉበት 67 ሰው በባዶ እጁ ፈጀ። ጋኔን ከሆነ በኋላ ትዝታው ጠፋ፤ የተማረው የእጅ ጥበብ ግን ሥጋው ውስጥ ቀረ። በ2020 በወጣው የባቡሩ ፊልም ላይ ጋኔን አዳኙን ሬንጎኩን የሚያባብለው በምንድን ነው? በወርቅም በሥልጣንም አይደለም። ጋኔን ብትሆን መቶ፣ ሁለት መቶ ዓመት መለማመድ ትችላለህ ይለዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ ስለ ልምምድ ከማንም በላይ የሚጮኸው ባላንጣው ነው።

ሌላው ጋኔን ኮኩሺቦ ደግሞ ልማዱን ከሥሩ ይገለብጠዋል። በሰውነቱ ዘመን ሚቺካትሱ የሚባል የሳሙራይ ልጅ ነበር፤ ሰይፍ መያዝ ከቻለበት ዕለት ጀምሮ የተለማመደ። መንትያው ዮሪይቺ ግን ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ለመጀመሪያ ጊዜ የልምምድ ሰይፍ ሲይዝ አሠልጣኙን አራት ጊዜ መትቶ ጣለው። ከዚያ ወዲያ የሚቺካትሱ ሕይወት ያንን ወንድም መከተል ሆነ። ቤተሰቡን ተወ፣ የሰው ዕድሜ ሲያጥርበት ሰውነቱንም ተወ። ዮሪይቺ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ሲገናኙ፣ ያልሸበተው ጋኔን ያንን ሽማግሌ ሊመክት አልቻለም፤ ሽማግሌው ቆሞ እንዳለ ነፍሱ ስለወጣ ብቻ ዳነ። እዚህ ላይ በተሰጥኦ የተባረከው የጀግኖቹ አባት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የለፋው ባላንጣው ነው።

ታሪኩ ታዲያ በልፋቱ ላይ ምን ፈረደ? «ቅናት» አለው። ጀግናው ታንጂሮ በመምህሩ በኡሮኮዳኪ ሥር ሁለት ዓመት ተለማምዶ ድንጋይ ሲሰነጥቅ ጽናት ነው፤ ሚቺካትሱ ከዚያ የበለጠ ሲለፋ ኃጢአት ነው። ሰው ገዳይ መሆኑ ኃጢአት ነው፤ ለዚህ ማንም አይከራከርም። ልፋቱ ግን ከግድያው ጋር አብሮ መወገዝ አልነበረበትም። ታንጂሮ ራሱ መጨረሻ ላይ የሚያድነው ቤተሰቡ በውርስ ያቆየው፣ ከዮሪይቺ የመጣው የእሳት ጭፈራ ነው። ያ ውርስ ተባርኮ፣ ያለ ውርስ የለፋው ሰው ግን ተረግሟል።

ውርስን ከልፋት የሚያስቀድመው ይህ አመለካከት በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ኮሄይ ሆሪኮሺ «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ውስጥ በግልጽ አሳይቷል። ኢንዴቨር የተባለው ጀግና ከበላዩ ያለውን ኦል ማይትን በልምምድ ማለፍ እንደማይችል ሲገባው፣ የእሳት ኃይሉን የሚያሟላ የበረዶ ኃይል ያላትን ሴት አግብቶ ልጅ እንደ ከብት ዘር መምረጥ ጀመረ። የበኩር ልጁ ቶያ ከአባቱ የጋለ እሳት ወረሰ፤ ሰውነቱ ግን እንደ እናቱ ስለነበረ የገዛ እሳቱ አቃጠለው። አባትየው ማሠልጠኑን አቆመ። ልጁ ግን ተራራ ላይ ብቻውን መለማመዱን ቀጠለ፤ አባቱ መጥቶ እንዲያየው ጠብቆ ስላልመጣለት በእሳቱ ተለበለበ። ዓመታት ቆይቶ ዳቢ የሚባል ባላንጣ ሆኖ ተመለሰ። ቶያ የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ ለፍቷል፣ አንባቢም ሲለፋ አይቶታል።

አንዳንድ ተቺዎች የባላንጣ ልምምድ ከታየ ምሥጢሩ ይጠፋል፣ ሳምንታዊ ማንጋ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ገጽ የለውም ይላሉ። የገጹ ችግር እውነተኛ ነው። ሆኖም የሜሩኤም የጉንጊ ጨዋታዎችና የቶያ ተራራ የወጡት በዚያው በ«ሾነን ጃምፕ»፣ በዚያው ገጽ ቁጥር ነው። ጥቂት ገጽ ይበቃል። ያ ካልተቻለ ደግሞ ባላንጣው እንደ ግንብ ባለበት ይቁም እንጂ በሌሊት አድጎ አይደር።

አሁን ዕድሉ በዩፎቴብል ስቱዲዮ እጅ ነው። «ዲመን ስሌየር»ን ከሚዘጉት ሦስት «የማያልቀው ግንብ» ፊልሞች የመጀመሪያው በጃፓን በሐምሌ 2025 ታይቶ ለአካዛ የሃኩጂነት ዓመታት ረዘም ያለ ጊዜ ሰጥቷል፤ ብዙ ተመልካች ያለቀሰውም እዚያ ላይ ነው። የኮኩሺቦ ውጊያ ለቀሪዎቹ ቆይቷል። በማንጋው የሚቺካትሱ የልምምድ ዓመታት ጥቂት ገጾች ናቸው። ስቱዲዮው ውጊያውን በቀለምና በፍጥነት እንደሚያሳምረው ማንም አይጠራጠርም። ከዚያ ላይ የተወሰኑ ደቂቃዎችን ቀንሶ፣ ያ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ወንድሙ በአንዴ የሠራውን ምት ሺህ ጊዜ ሲሞክር፣ እጁ ሲደማ፣ ነገም እንደገና ሲነሳ ያሳየን።